በደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ሥራ፦ በባሕር ዳር ጋራዦች ከባዱን ዕቃ የሚያነሳው ማነው?

ባለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ የመኪናዬ ፍሪሲዮን አለቀ። አሮጌ ኮሮላ ናት። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም። እንደምንም እያባበልኩ ከአባይ ማዶ ወደ ከተማ አሻግሬ አንድ ትንሽ ጋራዥ አደረስኳት። መካኒኩ አየት አደረጋትና ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ መውረድ አለበት አለኝ። እኔም ሁላችንም የምንጠይቃትን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«እስከ ማታ ይደርስልኛል?»

«ይደርሳል» አለ።

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቷል። ግቢው ግን ጭቃ ነው። መኪናዋ በክሪክ ከፊት ተነሳች። ከስሯ ሁለት ብሎኬት፣ ከብሎኬቱ ላይ ጣውላ ገባላት። ከዚያ አንድ ረዳት ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተኛና ከስር ገባ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። መካኒኩ ቡሎኖቹን ፈታ። ካምቢዮው ከሞተሩ ሲላቀቅ የወረደው በልጁ ደረት ላይ ነው። ልጁ አቅፎት ወደ ጎን ተንከባለለና አወጣው። ከሰዓት በኋላ አዲሱ ዲስክ ሲገባ ያንኑ ካምቢዮ ተኝቶ በሁለት እጁ ወደ ላይ ገፋው። ዘንጉ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ «ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀና» እየተባለ እንደያዘው ቆየ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘይት ላስቀይር ስመለስ ልጁ የለም። «ወገቡን ይዞታል። ወጌሻ ጋ ይመላለሳል» አሉኝ። በየትኛው መኪና እንደተጎዳ ማንም አያውቅም። የኔ ትሁን የሌላ ሰው፣ እኔም አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ግን የዚያን ቀን ደረሰኝ ፈልጌ አወጣሁት። የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ኩሽኔታ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ። በቃ። ያንን 40 ኪሎ ገደማ ብረት ከስር ተኝቶ ያወረደውና የሰቀለው ሰው ሥራ የትም አልተጻፈም።

ከዚያ ወዲህ የማገኛቸውን መካኒኮች ሁሉ ስለዚህ ነገር እጠይቃለሁ። ያነበብኩትም አለ። የደረስኩበት ነገር ይህ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሰው የሚጎዳው ዕቃው ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማንሳት እንደ ሥራ ስለማይቆጠር ነው። ዋጋ የለውም። ጊዜ አይያዝለትም። ዕቃ አይገዛለትም። በሌሎቹ ሥራዎች መካከል ባለችው ክፍተት፣ ጉልበት ባለው ልጅ ይሠራል።

የእጅ ዋጋ እንዴት ይቆረጣል?

ትናንሽ ጋራዦች የሚያስከፍሉት በሰዓት አይደለም፣ በሥራው ነው። ፍሪሲዮን መቀየር ይህን ያህል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ማውረድ ይህን ያህል እየተባለ ይነገራል። ስለዚህ ሥራው በቶሎ ባለቀ ቁጥር ለጋራዡ የተሻለ ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አምጥቶ፣ ጎማዋ ስር ታኮ አድርጎ፣ ስታንድ (መኪና የሚሸከም የብረት እግር) ላይ አስቀምጦ፣ ነቅንቆ ለማረጋገጥ ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ያቺን ሃያ ደቂቃ የሚከፍላት የለም። ጎረቤት ያለው ጋራዥ ካላደረጋት ደግሞ እሱ በርካሽ ይሠራል።

ደንበኛውም አለ። እኔን ማለት ነው። «እስከ ማታ» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ መግባት እችል ነበር።

ጉዳቱ ቶሎ ቢታይ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ጣት ሲቆረጥ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይደነግጣል። ወገብ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ያነሳኸው ዛሬ አያምህም። ነገ ጠዋት ጫማህን ልታስር ጎንበስ ስትል ነው ቀጥ የሚያደርግህ። ያኔ ጥፋቱ የጫማው ይመስላል። ረዳቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቀን ተከፋይ ነው። ካልመጣ ሌላ ልጅ ይመጣል። ጋራዡ የሚያየው ኪሳራ የለም፣ ኪሳራውን ሁሉ ልጁና ቤተሰቡ ይዘውት ይሄዳሉ።

ሌላም ነገር አለ። አንሳ የሚለው ሰውና የሚያነሳው ሰው አንድ አይደሉም። ረዳቱ ሙያ ሊቀስም የመጣ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ይከብደኛል» ቢል ሰነፍ ይባላል ብሎ ይፈራል። እኛ አገር ደግሞ ጉልበት ያስከብራል። ብቻውን የጭነት መኪና ጎማ ያነሳ ልጅ ይወራለታል። አንድ የቆዩ መካኒክ የነገሩኝን አልረሳውም። «እኔም በልጅነቴ ስወደስበት ነበር። አሁን ሌሊት ስገላበጥ ባለቤቴን እቀሰቅሳታለሁ» አሉኝ።

ወገብ ላይ የሚሆነው

የድሮውን የገበያ ሚዛን የሚያስታውስ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ረጅሙ ክንድ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ብረት፣ አጭሩ ክንድ ላይ ያለውን ትልቅ ጆንያ ታነሳለች። ወገባችን ላይም ይኸው ሕግ ይሠራል፣ ግን በእኛ ላይ ነው የሚዞረው። ቀጥ አድርገው የሚይዙን የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መሃል የሚርቁት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የያዝነው ዕቃ ደግሞ ከወገባችን 50 ሳንቲ ሜትር ሊርቅ ይችላል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ኮፈን ከፍተህ፣ በፓራፋንጎው ላይ ተንጠራርተህ 20 ኪሎ ባትሪ ስታወጣ፣ ጡንቻዎችህ ለባትሪው ብቻ 200 ኪሎ ያህል መሳብ አለባቸው። የተጎነበሰው የራስህ ደረትና ጭንቅላት ክብደት ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ ጫና የሚያርፈው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባሉት ለስላሳ ዲስኮች ላይ ነው። በተለይ ከታች ባሉት ሁለቱ ላይ።

ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ያሻሻለው አንድ ቀመር አለ። መነሻው 23 ኪሎ ነው። ሁሉም ነገር ሲመቻች ማለት ነው፦ ዕቃው ሰውነት አጠገብ ሲሆን፣ እጅ ያለበት ከፍታ 75 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ መያዣው ጥሩ ሲሆን፣ ሰውነት ሳይጠመዘዝ። ከዚያ ምቾቱ በጎደለ ቁጥር ቁጥሩ ይቀንሳል። ዕቃው 50 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ በግማሽ ወርዶ 11.5 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ላይ ከመሬት የሚነሳ ከሆነ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። በዚህ ላይ ወገብን 45 ዲግሪ ካዞሩ ከ8 ኪሎ በታች ይገባል። የሚነሳበት ከፍታና ድግግሞሹ ሲጨመር ከዚያም ያንሳል።

8 ኪሎ ምን ማለት ነው? የትንሿ የቪትዝ ባትሪ እንኳ ከዚያ በላይ ትመዝናለች። 200 አምፔር የሆነ የጭነት መኪና ባትሪ ከ40 ኪሎ ያልፋል። የሲኖትራክ ጎማ ከነቸርኬው ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ከባድ ከሚባሉት የጋራዥ ዕቃዎች ውስጥ በዚህ ቀመር አንድ ሰው ተጎንብሶ ከመሬት እንዲያነሳቸው የሚፈቀዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እኔን ያስገረመኝ ሌላው ነገር ምክሩ ነው። «ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ፣ ወገብህን ቀጥ አድርግ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጥፎ ምክር አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው የገመገሙ ባለሙያዎች፣ አነሳስ ማሠልጠን ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኙም። ነገሩን ሳስበው ገባኝ። ኮፈን ውስጥ ላለ ባትሪ ጉልበት ማጠፍ ከየት ይመጣል? መኪና ስር በጀርባው ለተኛ ልጅስ? የወገብ ቀበቶም እንዲሁ ነው። ወገብን ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ እኛ ዘንድ የብርታት ምልክት ነው፣ ያበረታል። ናዮሽ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ግምገማ ቀበቶው ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት ይጠብቃል ለማለት ማስረጃ የለም ብሏል። ታጥቄያለሁ ብሎ ከልኩ በላይ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

ሰውየውን ከማሠልጠን በፊት ቦታውን ማስተካከል ይቀድማል። ይህ ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ነጥብ ነው።

ሎሚውና ካምቢዮው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጋራዥ ውስጥ ይህን ተረት ስንሰማ «ሁለት ሦስት ሆነን እናንሳው» ማለት ይመስለናል። ግን ሎሚ ይከፋፈላል። ካምቢዮ አይከፋፈልም። ለሦስት የተያዘ ካምቢዮ አንዱ ትንሽ ቀድሞ ቢለቅ፣ ወይም እግሩ ጭቃ ላይ ቢንሸራተት፣ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ይዞራል። የእንግሊዝ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን በመመሪያው እንደሚለው ሁለት ሰዎች አብረው የሚያነሱት የሁለቱ ጉልበት ድምር ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። ሦስት ሰው ሲሆን ደግሞ የድምሩን ግማሽ። ሰው በተጨመረ ቁጥር መያዣ ቦታ ይጠባል፣ መተያየት ያቅታል፣ አንዱ የሌላውን እግር ይረግጣል።

አብሮ ማንሳት ግድ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ያዝዝ። ከማንሳት በፊት የት እንደሚቀመጥ ይወሰን። መንገዱ ላይ ያለው ቁልፍ፣ ቱቦ፣ የፈሰሰ ዘይት ይነሳ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል በሦስት ላይ ነው የሚነሳው ወይስ ከሦስት በኋላ? ይህንን ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። የቀለለ ነገር ይመስላል። ግን ሁለት ሰዎች ከባድ ብረት ይዘው በግማሽ ሰከንድ ሲለያዩ ያየ ሰው ቀላል ነው አይልም።

ከዚያ የሚሻለው ግን ከባዱን ዕቃ በተቻለ መጠን ሎሚ ማድረግ ነው። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ዘይቱ ይቀዳ። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እና ከላይ የተንጠለጠሉት ዕቃዎች ቀድመው ይፈቱ። ቴስታታ ከነማኒፎልዱ ተነቅሎ ከሚነሳ ማኒፎልዶቹ ለየብቻቸው ይውጡ። ጥሩ መካኒኮች ይህንን ያውቁታል። ለምን አታደርጉትም ስላቸው መልሱ ያው ነው። ጊዜ።

ሚዛኑን ወደ ራሳችን ማዞርም ይቻላል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ጎማ ሲሰቅሉ አይታችሁ ይሆናል። ጎማውን አያነሱትም። ያንከባልሉትና ፕሪጆኒየሩ (ጎማው የሚታሰርበት ቡሎን) ፊት ያቆሙታል። ዲጂኖ ወይም ረጅም ብረት ከስሩ ከተው፣ ከዲጂኖው ስር ድንጋይ አድርገው፣ ጫፉን በእግር ጫን ሲሉት ያ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ጎማ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል። ያቺ ሁለት ጣት ትበቃለች። ወገብ የሚሰብረው የርቀት ሕግ እዚህ ጋ ወገብን ያሳርፋል።

ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

እስካሁን ስለ ወገብ ነው ያወራሁት። ከወገብ የከፋው መኪና ሰው ላይ መውደቁ ነው። አንድ ኮሮላ 1,100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ያለው ከፊት ነው፣ ሞተሩና ካምቢዮው ባሉበት። ያ ልጅ በካርቶን ላይ ተኝቶ በነበረ ጊዜ ከላዩ የነበረው ያ ነው።

የዘይት ክሪክ የሚቆመው ውስጡ ባለች ጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቷ ስታረጅ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያልፋል። ክሪኩም ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ቀስ አይልም። ስለዚህ ክሪክ መኪናን ከፍ ለማድረግ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከፍ ካለች በኋላ ክብደቱ ስታንድ ላይ ማረፍ አለበት። በክሪክ ብቻ ተነስቶ ያለ መኪና ስር እጅ እንኳ አይገባም።

ብሎኬትስ? ብሎኬት ግድግዳ ላይ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ በሙሉ ፊቱ ላይ እኩል ስለሚያርፍ። መኪና ስር ግን ክብደቱ አንዲት ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። ውስጡ ባዶ ነው፣ በጎኑ ከተኛ ደግሞ ይብሳል። እንጨት ሲጨነቅ ይጮሃል፣ ይሰነጠቃል፣ ለሰው ጊዜ ይሰጣል። ብረትም ይጎብጣል። ብሎኬት ግን አያስጠነቅቅም። ደህና ቆሞ ቆይቶ በአንዴ ዱቄት ይሆናል። ተደራርቦ የተቀመጠ ቸርኬም ይንሸራተታል። ብሎኬትን ከመኪና ስር ማውጣት ዛሬውኑ የሚቻል ነገር ነው።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ መሬቱ ራሱ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አይጣል ነው። ብዙ ትናንሽ ጋራዦች ወለላቸው አፈር ወይም ጠጠር ነው። ጠዋት የደረቀ የመሰለው አፈር ከስር ውሃ ይዟል። የክሪክ መቀመጫ ጠባብ ስለሆነ ክብደቱ ሲያርፍበት ይሰምጣል። እኩል ስለማይሰምጥ ደግሞ ይዘማል። መኪና የሚጥለው ብዙ ጊዜ ይህ መዝመም ነው። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ማድረግ ለሁሉም አይቻልም። ለአንዲት መኪና የምትበቃ አንዲት ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ግን ትቻላለች። እስከዚያው ከክሪኩም ከስታንዱም ስር ወፍራም፣ ሰፊ ጣውላ ወይም ላሜራ ማንጠፍ ብዙ ይረዳል።

ቅደም ተከተሉን ሚኒባስ ረዳቶች ጭምር ያውቁታል። የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ፣ ከዚያ ክሪክ፣ ከዚያ ስታንድ። መኪናዋ ስታንዱ ላይ ከወረደች በኋላ ከጎን ቆሞ በእጅ መነቅነቅ። የምትወድቅ ከሆነ ማንም ከስሯ ሳይገባ ትውደቅ። የወለቀውን ጎማ ደግሞ ከመኪናዋ አካል ስር አስተኝቶ መተው። ስታንዱ ቢከዳ ጎማው ትንሽ ክፍተት ያተርፋል።

ሞተር ሲወጣ

የሞተር ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና። የአይሱዙ ናፍጣ ሞተር ከ300 ኪሎ በላይ ነው። እሱን በእጅ ለማንሳት የሚሞክር የለም። በሰንሰለት ማንሻ ነው የሚወጣው። ችግሩ ማንሻው የሚታሰርበት ነገር ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አንድ ላይ ታስሮ፣ ወይም የጋራዡ ጣሪያ ማገር። ሦስቱ ግንዶች ከታች በገመድ ወይም በሰንሰለት እርስ በርሳቸው ካልተያያዙ እግራቸው ጭቃ ላይ ይከፈታል። ማገሩ ደግሞ የተሠራው ቆርቆሮ እንዲሸከም ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ሞተር በሁለት በኩል ታስሮ ሲነሳ ገመዶቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ከቆሙ እያንዳንዱ ግማሹን ይሸከማል። ገመዶቹ ሰፊ ሆነው ተዘርግተው ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ካሉ፣ እያንዳንዱ የሞተሩን ሙሉ ክብደት ያህል ይሳባል። አጭር ገመድ ስለዚህ አደገኛ ነው። የተቋጠረ ገመድ ደግሞ ከቋጠሮው የተነሳ ጥንካሬውን እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል። የተንጠለጠለ ሞተር ስር ማንም አይቁም። እጅም ቢሆን።

ለምን አሁን?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህ ጋራዦቻችን ላይ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። በአንድ በኩል ያሉት አሮጌ መኪናዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ይፈለጋል። ቀድሞ ተሸጠው ይለወጡ የነበሩ መኪናዎች አሁን ሞተራቸው ይከፈታል፣ ካምቢዮአቸው ይወርዳል፣ ደግሞም ይወርዳል። የሚነሳው ብረት ይበዛል።

በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዶቻችን ላይ እየበዙ ነው። የእነሱ ባትሪ ከስር እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ነው። የፎልክስዋገን አይዲ 4 ትልቁ ባትሪ ወደ 490 ኪሎ ይጠጋል። በደረት የሚወርድ ነገር አይደለም። በብሎኬት የቆመ መኪና ስርም የሚሠራ አይደለም። ከክብደቱ ሌላ ሰው የሚገድል የኤሌክትሪክ ኃይል ይዟል። ሊፍትና ለባትሪ የተሠራ ጠረጴዛ የሌለው፣ በዚህ ያልሠለጠነ ጋራዥ ይህንን ሥራ አልችልም ብሎ መመለስ አለበት። ይህ ውርደት አይደለም። ችግሩ፣ በፍሪሲዮን ያልለመድነውን «አልችልም» በባትሪ ከየት እናመጣዋለን?

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነት አለበት። ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያሉት ደግሞ ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ አዋጁ ይከለክላል፣ በምሳሌነት ከሚጠቅሳቸው ውስጥም ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መሳብና መግፋት አለ።

«እኛ ውል የለንም» የሚል ረዳት ብዙ ነው። የሥራ ውል ግን በጽሑፍ ባይሆንም ውል ነው። ይህንን የማያውቅ ልጅ አይጠይቅም። የማያውቅ ባለጋራዥም አንድ ሰው አንድ ቀን ቢጎዳበት ጋራዡን በሙሉ ሊያጣ እንደሚችል አያስብም። ከስታንድ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ይህ ሌላ ሂሳብ ነው።

የሚቻለው

ሊፍት ግዙ ማለት ለብዙዎቹ ዝም በሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከታች ልጀምር። መጀመሪያ ጠረጴዛ። ወገብ የሚደርስ፣ ጠንካራ፣ ከመኪናው አጠገብ የሚቆም። የወረደ ዕቃ መሬት ላይ ባለመቀመጡ ብቻ ሁለተኛው ማንሳት ይቀላል። መደርደሪያ ላይም ከባዱ ዕቃ መሃል ላይ ይሁን፣ ቀላሉ ከላይና ከታች። ከዚያ ጎማ ያለው የካምቢዮ ማውረጃ ክሪክ። ካምቢዮው ከደረት ይልቅ እሱ ላይ ያርፋል፣ እየተገፋ ይወጣል።

የሞተር ማንሻ ለአንድ ጋራዥ ውድ ነው። በየቀኑም አያስፈልግም። ለዚህ እኛ መፍትሔ አጥተን አናውቅም። ሠርግ በእቁብ ደግሰናል፣ ባጃጅ በእቁብ ገዝተናል። አንድ ሰፈር ያሉ አምስት ስድስት ጋራዦች ለአንድ የሞተር ማንሻ እቁብ ቢገቡ ምን ይከለክላቸዋል? የተረኛው ጋራዥ ይወስደዋል፣ ይመልሰዋል። «ማን ያበላሸዋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጠይቄ ያገኘሁት መልስም እሱ ነው። የድንኳንና የብረት ድስት የእድር ዕቃ በደንብ የሚጠብቅ ሕዝብ ግን ይህን ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ስታንድ ደግሞ ብየዳ ቤት የሚሠራ አለ። ጠንካራም ይኖራል፣ ደካማም። ከውጭ አይለይም፣ ያ ነው አስፈሪው። እዚህ ጋ ፖሊ ትዝ ይለኛል። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እገዛ ሲከፈት የተነሳበት ዓላማ ይህን መሰል ሙያ ማስተማር ነበር። ዛሬም መካኒካል ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች ከጋራዦቹ በእግር መንገድ ላይ አሉ። አንድ የስታንድ ንድፍ አውጥተው፣ እስኪሰበር ጭነው ፈትነው፣ «ይህን ውፍረት ባለው ብረት፣ በዚህ ብየዳ፣ ይህን ያህል ይሸከማል» ብለው ለበያጆች ቢሰጡ የመመረቂያ ሥራቸው መደርደሪያ ላይ አይቀርም ነበር።

ወገቡን ለያዘውም አንድ ቃል። አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ለብዙ ቀን ከመተኛት ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይረዳል። ነገር ግን እግር ከደከመ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወጌሻ ጋ የሚኬድበት ጊዜ አይደለም። በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል መሄድ ነው። የተጎዳ ነርቭ ሰዓታት ሲያልፉበት ላይመለስ ይችላል።

ያንን ልጅ ጥቅምት ላይ አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል። መጀመሪያ እሱ ነው ያወቀኝ። «ጋሼ፣ ኮሮላዋ እንዴት ናት?» አለኝ። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጓል፣ ከጀርባው ደግሞ ትራስ። ወደ ጋራዥ ትመለሳለህ ወይ አልኩት። ሙያውን ይወደው እንደነበር ነገረኝ። ኤሌክትሪኩን ብቻ የሚያሠራው ቢያገኝ እንደሚመለስም ነገረኝ። ከዚያ ስለ ነዳጅ ወረፋ አወራን።

ጋራዡም ጋ ሄጄ ነበር፣ ለፍሬን። ከግድግዳው ሥር አራት ስታንድ ተደርድሯል፣ ቀለማቸው ገና አልለቀቀም። ስለ ልጁ ምንም አልተነጋገርንም። ባለቤቱ ጎማዎቹን አየና «ዛሬ አይደርስም፣ ነገ ከሰዓት ውሰዳት» አለኝ። ለማንሻና ማውረጃም ለብቻው የሚያስከፍለው እንዳለ ጨመረ፣ አይኔን ሳያይ። ደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ጠየቅሁትና ቁልፉን ሰጥቼው ወጣሁ።